ቫልቩ የት ይግባ? ስለ ኤምፊሴማ ሕክምና ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ከባድ ኤምፊሴማ (የሳንባን የአየር ከረጢቶች የሚበላ በሽታ) የቫልቭ ሕክምና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ጸሐፊው የሚሉት ሲጠቃለል ይህን ይመስላል፦ ሲቲ ስካን ላይ ከሁሉ ይልቅ የተበላውን ሎብ (የሳንባ ዋና ክፍል) ለይቶ በአየር ቧንቧው ውስጥ ቫልቭ ማስገባት፤ አደጋ እንዳይመጣ የግራና የቀኝ ላይኛ ሎቦችን በከፊል መዝጋት፤ ጉዳቱ ላይኛው ሎብ ላይ ያልሆነን በሽተኛ መመለስ፤ ሲቲው ግልጽ ከሆነ አየር ከጎረቤት ሎብ መሹለክ አለመሹለኩን የሚለየውን የባሉን ፍተሻ መተው፤ ቫልቩን ተለቅ አድርጎ መምረጥ፤ ደረት ውስጥ አየር ከተጠራቀመ ቦታው በስሕተት ተመርጧል ብሎ ቫልቮቹን ማውጣት። በሽተኛው በማግስቱ ወደ ቤቱ መሄድ እንደሚችልም ይነግሩናል።

ጸሐፊው ልክ የሆኑባቸው ነገሮች አሉ። ቫልቭ ተመልሶ ሊወጣ እንደሚችል፣ ሲጋራ ያላቆመ ሰው ለዚህ ሕክምና እንደማይታጭ፣ ከቫልቩ በፊት የሳንባ ተሃድሶ ልምምድ እንደሚያስፈልግ በደንብ አስቀምጠዋል። ቦታ መረጣው ላይ ግን ነገሩን ከጭራው ይዘውታል።

ቫልቩ ምን እንደሚሠራ መጀመሪያ እንግባባ። ኤምፊሴማ የአየር ከረጢቶቹን ግድግዳ ስለሚበላ ሳንባው እንደ ላላ ላስቲክ ይሆናል። አየር ይገባል፣ በወጉ አይወጣም። የተነፋው ሳንባ ድያፍራሙን ወደ ታች ተጭኖ ያስተኛዋል፤ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻም ጉልበት ያጣል። ቫልቩ ባለ አንድ አቅጣጫ በር ነው፤ አየርና አክታ ያስወጣል፣ አየር አያስገባም። አንድ ሎብ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ የያዘውን አየር ጨርሶ ይጨማደዳል፣ የያዘውን ቦታም ለተሻለው ሳንባና ለድያፍራሙ ይለቃል። ሕክምናው ይኸው ነው፦ ቦታ ማስለቀቅ። ሎቡ ካልተጨማደደ በሽተኛው ብሮንኮስኮፒውን (ካሜራ ያለው ቱቦ ወደ ሳንባ ማስገባትን) ተሸክሞ ከመመለስ በቀር ያተረፈው ነገር የለም።

እንግዲህ ከሁሉ የተበላው ሎብ ይመረጥ ወደሚለው ነጥብ እንምጣ። ግማሽ እውነት ነው፤ ደኅና ሎብ ማንም አይዘጋም። ነገር ግን ሎቡ የቱንም ያህል ቢበላ ድንበሩ ክፍት ከሆነ አይጨማደድም። ሎቦችን የሚለያየው ድንበር ፊሸር ይባላል፤ በግራ ሳንባ አንድ ሰያፍ ፊሸር አለ፣ በቀኝ አንድ ሰያፍና አንድ አግድም። በብዙ ሰው ላይ ይህ ድንበር እስከ መጨረሻው አይዘልቅም፤ የሁለቱ ሎቦች ሥጋ በአንድ በኩል እንደተያያዘ ይቀራል። ጤነኛ ሳንባ ላይ ይህ ምንም አይደለም። ኤምፊሴማ በበላው ሳንባ ላይ ግን አየር በዚያ መጋጠሚያ ከጎረቤት ሎብ እንደ ልቡ ይሾልካል። የፊት በሩን በአራት ቫልቭ ዘግቶ የጓሮ በሩን ከፍቶ መተው ነው፤ በቫልቩ የሚወጣውን ያህል በጓሮ ይገባል።

ይህ መላምት አይደለም። ቬንት የተባለው ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) 321 በሽተኞችን ይዞ ነበር። ሎቡ የተመረጠው ጸሐፊው በሚመክሩት መንገድ፣ በጉዳቱ መጠንና ከጎረቤቱ ባለው ልዩነት ነበር። ከስድስት ወር በኋላ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው ትንፋሽ (ኤፍ ኢ ቪ ዋን) ከማነጻጸሪያው ቡድን የበለጠው በ6.8 በመቶ ብቻ ነው። ያንኑ መረጃ ፊሸራቸው ሙሉ በነበረው ላይ ብቻ ሲያዩት ልዩነቱ 16.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ያው ቫልቭ፣ ያው በሽታ፤ የተለየው ድንበሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። በሽተኛው መጀመሪያ ራሱ መታጨት አለበት፦ ኤፍ ኢ ቪ ዋን ከሚጠበቀው 15 እስከ 45 በመቶ፣ ከተነፈሰ በኋላ ሳንባው ውስጥ የሚቀረው አየር ቢያንስ 175 በመቶ፣ ጠቅላላ የሳንባ መጠን 100 በመቶና ከዚያ በላይ፣ በስድስት ደቂቃ የሚራመደው ከ100 እስከ 500 ሜትር። ቀሪው አየር ያልበዛ ሰው ሳንባው አልተነፋም፤ የሚለቀቅ ቦታ ስለሌለ ስለ ሎብ ማውራትም አያስፈልግም። ይህን ያለፈ በሽተኛ በስስ ቁራጭ የሚያሳይ ሲቲ ይነሣል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት፣ ሙሉ ትንፋሽ ስቦ፣ ያለ ቀለም መድኃኒት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሎብ አራት ነገር ይጻፋል፦ ፊሸሩ ስንት በመቶ ሙሉ እንደሆነ፣ ከሎቡ ስንቱ ከ−910 ሃውንስፊልድ ዩኒት (ሲቲ ጥግግትን የሚለካበት መስፈሪያ) በታች እንደወረደ፣ ማለት እንደተበላ፣ ሎቡ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ፣ በዚያው ወገን ያለው ጎረቤት ሎብ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ። የፊሸሩን መመዘኛ ያላለፈ ሎብ ሲቲ ላይ የቱንም ያህል ተበልቶ ቢጠቁር ከዝርዝሩ ይወጣል። ከቀሩት መካከል ነው የጉዳት መጠን የሚመዘነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ጎረቤቱን ነው። ሎቡ ሲጨማደድ የተለቀቀውን ቦታ የሚሞላው እሱ ነው። ጎረቤቱም በእኩል የተበላ ከሆነ፣ በዚያ ላይ ትልልቅ የአየር ቋጠሮዎች ካሉበት፣ ቦታውን ሲሞላ የመቀደድ ዕድሉ ይጨምራል፤ በደኅና ጊዜም ቢሆን የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው። ሁለት እጩ ሎቦች ተቀራርበው ሲገኙ እኛ ጎረቤቱ የተሻለውን እንመርጣለን፤ በጉዳት በጥቂት ነጥብ ቢያንስም።

የባሉን ፍተሻውን ነገር ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘለሉት፤ እኛ ደግሞ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። ሲቲው ግልጽ ከሆነ አያስፈልግም ብለዋል። ግልጽ ማለት ስንት ነው? በሶፍትዌር የተለካ ፊሸር ከ95 በመቶ በላይ ሙሉ ከሆነ የጓሮ በር የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ቫልቭ ማስገባት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። በ80 እና በ95 መካከል ያለው ግን በሲቲ ብቻ አይፈረድበትም፤ በዓይን የታየ ፊሸርም ያታልላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራውና በ2015 የታተመው ስቴልቪዮ ጥናት በሲቲ ፊሸራቸው ሙሉ ወይም ሙሉ ለመሆን የቀረበ የተባሉ 84 ሰዎችን ተቀብሎ ነበር። በባሉን ሲፈተሹ 13ቱ የጓሮ በር ስለተገኘባቸው ቀሩ። ሌሎች 3 ደግሞ የቧንቧቸው አቀማመጥ ቫልቭ የማያደርስ ሆኖ ተገኘ። ፍተሻው ባይኖር እነዚያ 13 ሰዎች ቫልቭ ተሸክመው፣ የቫልቭን አደጋ ተቀብለው፣ ያለ ጥቅም ይመለሱ ነበር። ከቀሩት 68 ሰዎች መካከል ግን ቫልቭ የደረሳቸው በስድስት ደቂቃ የሚራመዱት ርቀት ከማነጻጸሪያው ቡድን በ74 ሜትር በለጠ። ደረጃ መውጣት ላቃተው ሰው 74 ሜትር ብዙ ነው።

ፍተሻው ቻርቲስ በሚባል መሣሪያ ይሠራል። በብሮንኮስኮፑ ውስጥ ያለፈ ካቴተር ጫፉ ላይ ባሉን አለው፤ ባሉኑ የሎቡን መግቢያ ቧንቧ ሲደፍን ከሎቡ የሚወጣው አየር በካቴተሩ መካከል ብቻ ያልፋል፣ ሞኒተሩም ይቆጥረዋል። የጓሮ በር ከሌለ በሽተኛው በተነፈሰ ቁጥር የሚወጣው አየር እያነሰ እያነሰ ሄዶ ዜሮ ይገባል። ካለ ግን ደቂቃዎች ቢያልፉም ፍሰቱ አይሞትም፤ ከጎረቤት እየተተካ ነውና። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ የሚያሳስቱ ወጥመዶች አሉት።

ፍሰቱ ቀስ ብሎ ሳይወርድ በአንዴ ቀጥ ካለ አትመኑት። አክታ ካቴተሩን ደፍኖት፣ ጫፉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ፣ ወይም በተለይ የታችኛው ሎብ ላይ ቧንቧው በትንፋሽ ጊዜ ራሱ ላይ ተደፍቶ ሊሆን ይችላል። ይህን «የጓሮ በር የለም» ብሎ ማንበብ የተለመደ ስሕተት ነው። ካቴተሩን አጥቦ፣ ቦታውን ጥቂት ሳብ አድርጎ መድገም፤ አሁንም እንቢ ካለ በዚያው ወገን ያለውን ሌላውን ሎብ መፈተሽ። በግራ ሳንባ ድንበሩ አንድና የጋራ ስለሆነ ከየትኛውም ወገን ቢለካ መልሱ አንድ መሆን አለበት። የቀኝ ላይኛ ሎብ ቧንቧ ደግሞ አጭር ስለሆነ ባሉኑ ወደ አንዱ ሴግመንት (የሎቡ ንዑስ ክፍል) ሸርተት ይላል። ያን ጊዜ የሚለካው የሎቡ ሳይሆን የሴግመንቱ አየር ይሆንና ከወንድም ሴግመንቶቹ የሚመጣው አየር የጓሮ በር መስሎ ይታያል። ባሉኑ የሎቡ አፍ ላይ መቀመጡን እያዩ መለካት ነው፤ በሞኒተሩ ብቻ መመራት አይበቃም።

ቻርቲስ ራሱ የማይሳሳት ዳኛ አይደለም፤ በ2013 የታተመ የ80 በሽተኞች ጥናት ሎቡ መጨማደድ አለመጨማደዱን በትክክል የተነበየው በ75 በመቶ ያህሉ ላይ ነው። ስለዚህ ከሲቲው ጋር ተያይዞ ይነበባል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ይደገማል።

የቀኙን ሳንባ በሚመለከት ጸሐፊው ያላነሡት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ በሽተኛ ሳያስፈልግ የሚመለስበት ነውና እንጨምረው። አግድሙ ፊሸር፣ ማለት ላይኛውን ሎብ ከመካከለኛው የሚለየው፣ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ከሰያፉ ባነሰ ሰው ላይ ነው። የላይኛው ሎብ ተፈትሾ የጓሮ በር ተገኘበት ተብሎ በሽተኛው ከመሸኘቱ በፊት ታችኛው ሎብ ይፈተሽ። ታችኛው ንጹሕ ከሆነ ሰያፉ ፊሸር ሙሉ ነው፤ የሚሾልከው በአግድሙ ብቻ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ላይኛውና መካከለኛው ሎብ እንደ አንድ ቤት ተቆጥረው አብረው ሊዘጉ ይችላሉ፤ መካከለኛው ሎብ ትንሽ ስለሆነ የሚከፈለው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። የሚጨመረው ቫልቭ አንድ ወይም ሁለት ነው።

ከሁለቱም ሳንባ በከፊል ይዘጋ የሚለው ምክር ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ነው፤ የጥንቃቄ ልብስ ለብሷልና። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሴግመንት ክፍት ቢተው ሎቡ በድንገት አይጨማደድም፣ ሳንባው አይቀደድም ተብሎ በእውነት ተሞክሯል። በ2014 የታተመው የ277 በሽተኞች ጥናት ስፓይሬሽን የተባለውን ቫልቭ በሁለቱም ላይኛ ሎቦች፣ ሙሉ ሳይዘጋ አስገብቶ ነበር። አየሩ ከላይ ወደ ታች ጥቂት ተዛወረ፤ በሽተኛው የሚሰማው ጥቅም ግን አልመጣም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመን ሃይደልበርግ ላይ 22 በሽተኞች ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ ግማሾቹ አንድ ሎብ በአንድ ወገን ሙሉ ተዘጋላቸው፣ ግማሾቹ በሁለቱም ወገን በከፊል። የተሻላቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንደሚባለው ነው። አንድ ወገን፣ አንድ ሎብ፣ ያለ ቀሪ ቀዳዳ። ሌላኛው ሳንባ ያስፈልጋል ከተባለ የመጀመሪያው ውጤት ከታየ በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ ለብቻው ይታሰብበታል።

ላይኛው ሎብ ካልተጎዳ አይሆንም የሚለው ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ ከቀዶ ሕክምና ነው። በ2003 የታተመው የአሜሪካ ትልቅ ጥናት፣ ኔት የተባለው፣ 1218 በሽተኞችን ይዞ የሳንባ መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ይበልጥ የጠቀመው ጉዳታቸው ላይኛው ሎብ ላይ ያመዘነና የመንቀሳቀስ አቅማቸው ያነሰ ሰዎችን መሆኑን አሳይቷል። ያ ለቢላ የወጣ ሕግ ነው። ቫልቭ የሚፈልገው የሚዘጋ ድንበር ስለሆነ ታችኛው ሎብም ሊሆን ይችላል። የአልፋ ዋን አንቲትሪፕሲን (ሳንባን የሚጠብቅ ፕሮቲን) እጥረት በውርስ ያለባቸው ሰዎች ጉዳታቸው በተለምዶ ታች ያመዝናል፤ በጸሐፊው መመዘኛ ሁሉም ከበር ይመለሱ ነበር። ጉዳቱ እኩል የተሰራጨባቸውም ቢሆኑ ተስፋ አላቸው፤ ኢምፓክት የተባለው የ2016 ጥናት 93 እንዲህ ያሉ በሽተኞችን መርምሮ በሦስት ወር የኤፍ ኢ ቪ ዋን ልዩነቱን 17 በመቶ አግኝቶታል። ልዩነቱ እዚህ መመዘኛው ጠበቅ ማለቱ ነው፤ ቀሪው አየር ከ175 ይልቅ 200 በመቶና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይፈለጋል። ሎቦቹ በሲቲ ተመሳስለው ሲቀርቡ ደግሞ የደም ዝውውር ስካን ይዳኛል፤ ደም በጣም ያነሰበት ሎብ ይዘጋል። ደም የሚደርሰው ሎብ ገና ለሰውነቱ ኦክስጅን እያቀበለ ስለሆነ እሱን መዝጋት ኪሳራ ነው።

ወደ ቫልቩ መጠን እንለፍ። ጸሐፊው ተለቅ ያለው ይሻላል፣ ጥብቅ ይላልና ብለዋል። ለውሃ ቧንቧ ቡሽ ይሠራ ይሆናል። ዜፊር የተባለው ቫልቭ በኒቲኖል ሽቦ ጥልፍ ላይ ሲሊኮን የለበሰ ሲሆን መሐሉ ላይ እንደ ዳክዬ ምንቃር የሚገጥም ከንፈር አለው። በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ትልቁ ከገባ ጥልፉ በሙሉ ስለማይከፈት ሲሊኮኑ ይታጠፋል፤ በእጥፋቱ ጎን አየር ይሾልካል፣ ግድግዳውም በግፊቱ ተቆጥቶ ሥጋ ያበቅላል። ትንሹ በሰፊ ቧንቧ ውስጥ ከገባ ደግሞ በሳል ይነቀላል። ዜፊር በአራት ዓይነት ይመጣል፦ 4.0 እና 5.5፣ ሁለቱም በመደበኛና በአጭር። 4.0 ከ4 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ለሚሰፋ ቧንቧ ነው፣ 5.5 ከ5.5 እስከ 8.5። አጭሩ የሚያስፈልገው ሴግመንቱ ቶሎ ሲከፋፈል ነው። ስፓይሬሽን ደግሞ የጃንጥላ ቅርጽ አለው፣ በ5፣ 6፣ 7 እና 9 ሚሊ ሜትር ይገኛል፣ ቧንቧው በተለካ ባሉን ይለካል። የዜፊር ማስገቢያ ካቴተር ጫፍ ላይ ያሉት ተጣጣፊ ክንፎች ትንሹንና ትልቁን ስፋት ያሳያሉ። በግምት የሚለካ ባለሙያ የሚያባክነው ቫልቭ ነው፤ አንዴ ከካቴተሩ የተለቀቀ ቫልቭ በቦታው ካልሆነ በመያዣ ተስቦ ይጣላል።

አቀማመጡ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዋጋ አለው። ቫልቩ ወደ ውስጥ ከጠለቀ ከኋላው የቀረ ቅርንጫፍ ክፍት ይሆናል፣ አንድ ክፍት ቅርንጫፍ ደግሞ ሎቡን በሙሉ አየር ይመግበዋል። ወደ ውጭ ከወጣ ጎረቤት ሴግመንት አፍ ላይ ተደግፎ ይቀራል፣ ሌላው ቫልቭም በቦታው አይቀመጥም። የካቴተሩን ጫፍ ሴግመንቱ ወደ ንዑስ ቅርንጫፎች በሚከፈልበት ሸንተረር ላይ አሳርፎ መልቀቅ ነው፤ ሸንተረሩ ቫልቩን ከታች ይደግፈዋል። ከመጀመሪያው ቫልቭ በፊት የሎቡ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይቆጠሩ። የሴግመንት ቧንቧዎች ቢ 1፣ ቢ 2 እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ፤ በቀኝ ታችኛ ሎብ ብዙ ጊዜ የሚሳተው ቢ 7 ነው፤ ከቢ 8፣ 9 እና 10 ከፍ ብሎ በውስጠኛው ግድግዳ የሚነሣ ትንሽ ቀዳዳ ስለሆነ ብሮንኮስኮፑ አልፎት ይሄዳል። ቢ 6 ደግሞ ገና ከመግቢያው ወደ ኋላ የሚከፈት ነው፤ እሱን አስቀድሞ መዝጋት ወደ ታች በተመላለሱ ቁጥር ቫልቩን መግጨት ነውና ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መምጣት ይሻላል። በግራ ላይኛ ሎብ ሊንጉላውን (የሎቡን የታችኛ ክፍል) መርሳት ግማሽ ሥራ ነው። ሲያልቅ ብሮንኮስኮፑን ከቫልቩ ፊት አቁሞ ጥቂት ትንፋሽ መመልከት፦ ከንፈሩ ሲወጣ ይከፈታል፣ ሲገባ ይገጥማል፤ በጠርዙ ዙሪያ አረፋ ከታየ ጥብቅ አይደለም። ለአንድ ሎብ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቫልቭ ይበቃል። አንዱን ሴግመንት ለቁጠባ መተው ግን የቀሩትን ገንዘብ በሙሉ መጣል ነው።

አሁን ወደ አደገኛው ምክር። ከቫልቭ በኋላ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር መግባት፣ ኒሞቶራክስ፣ የቦታ ስሕተት ምልክት ነው ብለዋል። ነገሩ ሊገለበጥ የቀረበ ነው። ይበልጥ የሚያጋጥመው ሎቡ ቶሎና በደንብ ሲጨማደድ ነው፤ ጎረቤቱ ክፍቱን ለመሙላት በድንገት ሲለጠጥ የደከመ ቦታው ይቀደዳል። በ2018 የታተመው ሊበሬት ጥናት 190 በሽተኞች ነበሩት። ቫልቭ ከተደረገላቸው 47.7 በመቶ የሚሆኑት በዓመቱ ኤፍ ኢ ቪ ዋናቸው ቢያንስ በ15 በመቶ ሲሻሻል፣ ካልተደረገላቸው ግን 16.8 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ጥናት ቫልቭ ካገኙት 26.6 በመቶው ኒሞቶራክስ ገጥሟቸዋል፣ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት። ከአራት ሰው አንድ ማለት ነው። ያው ጥናት ሞትም መዝግቧል፤ በመጀመሪያዎቹ 45 ቀናት ከሞቱት አራት ሰዎች ሦስቱ ያረፉት በኒሞቶራክስ ነው። በማግስቱ ወደ ቤት መሄድ የሚለው ምክር የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ሆስፒታል፣ ከሕክምናው በኋላ ወዲያውና በማግስቱ ራጅ፣ የደረት ቱቦ የሚያስገባ ሰውና ዕቃው ሌሊትም ቢሆን በቅርብ። በሽተኛው ሲወጣም እሱም ቤተሰቡም ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ መቆራረጥ ሲመጣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንዳለበት፣ ቫልቭ እንዳለበትም መናገር እንዳለበት በጽሑፍ ይያዝ።

ቱቦ የገባለት ሰው ቫልቮቹ በሙሉ ወዲያው አይነቀሉም። የአየሩ መፍሰስ አንድ ሳምንት ገደማ አልፎ ካልቆመ አንድ ቫልቭ ይወጣል፤ ሎቡ ጥቂት ሲነፋ መለጠጡ ይቀንስና ቀዳዳው የመድፈን ዕድል ያገኛል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ የወጣው ሊመለስ ይችላል። ጸሐፊው እንዳሉት ሁሉንም ማውጣት ሰውየው አደጋውን ከተቀበለ በኋላ ጥቅሙን መንጠቅ ነው፤ ለሕይወቱ አስጊ ከሆነ ግን ማንም አያመነታም።

ሳይጨማደድ ሲቀርስ? ጸሐፊው ሌላ ሎብ ይሞከር ብለው አልፈውታል። መጀመሪያ በ45 ቀን ገደማ ሲቲ ይነሣ፤ የሎቡ መጠን ቢያንስ 350 ሚሊ ሊትር ካልቀነሰ ብሮንኮስኮፑ ተመልሶ ይግባ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተንሸራተተ ቫልቭ፣ የተረሳ ቅርንጫፍ ወይም በቫልቩ ጠርዝ የበቀለ ሥጋ ነው። ተስተካክሎ ሎቡ ሲጨማደድ በሽተኛው የቆየውን ጥቅም ያገኛል። ሌላ ሎብ የሚታሰበው ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ነው።

በመጨረሻ፣ ጽሑፉ ለአማርኛ አንባቢ የተጻፈ ሆኖ ሳለ የአገሩን ነገር ሁለት ቦታ ላይ ረስቷል። አንዱ ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ የቲቢ ጫና ያለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው አገሮች አንዷ ናት። ላይኛው ሎብ ተበልቶና ጠቁሮ ሲታይ የድሮ ቲቢ የተወው ጉድጓድና ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ጠባሳ የያዘው ሎብ ከደረቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ ቢዘጋም አይጨማደድም፤ መጨማደድ ሲጀምርም መጣበቂያው ሳንባውን ይቀደዋል። በዚያ ላይ የተስፋፉ ቧንቧዎችና የማያልቅ አክታ ካሉ ቫልቩ የኢንፌክሽን መኖሪያ ይሆናል። በጽሑፉ መመዘኛ ግን ከሁሉ የተበላ ተብሎ የሚመረጠው ይኸው ሎብ ነው።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ጸሐፊው የደም ኦክስጅን ወለሉን 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብለው ለሁሉም አስቀምጠዋል። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል አካባቢ የወጣ ነው። ኔት ራሱ 1600 ሜትር ላይ ላለችው ዴንቨር ወለሉን ወደ 30 አውርዶ፣ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀመጠውን ጣሪያም ከ60 ወደ 55 ዝቅ አድርጎ ነበር። አዲስ አበባ ከዚያም ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አዲስ አበባ የተለካ የደም ጋዝ ውጤት ውጭ አገር ላለ ሐኪም ሲላክ የተለካበት ከተማ ከፍታ አብሮ ይጻፍ፤ አለዚያ ሊታጭ የሚችለው በሽተኛ ይጣላል። ሕክምናውን ውጭ አገር አድርጎ የሚመለስ ሰውም የአውሮፕላን ትኬቱን ለሳምንቱ መጨረሻ አይቁረጥ፤ ኒሞቶራክስ ገጥሞት ከነበረ በራጅ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት እንዳለበት የብሪታንያ ቶራሲክ ሶሳይቲ ይመክራል፤ ያረፈበት ከተማም አዲስ አበባ ከሆነች ከአውሮፕላኑ ሲወርድ የሚተነፍሰው አየር ከሄደበት ከተማ የሳሳ መሆኑ ቀድሞ ይታሰብና ኦክስጅን ይዘጋጅለት።